ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት

ሥራነሽ ሦስት ሁዳዴ ሙሉ የጠላቷን ስልጆ እየገዛች መደርደሪያዋ ላይ ስትደረድር ኖራለች። ልትበላው አይደለም። በየሁለት ቀኑ ክዳኑን ትከፍታለች፣ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣ መልሳ ትከድናለች። ከላይ ነጭ ሻጋታ ብቅ ያለ ቀን ፊቷ ወለል ይላል። ጎረቤቷ ጤናዬ እንዲህ ባለው ቀን ድንገት ገብታ፣ «ምን ተገኘ ዛሬ? ፊትሽ በርቷል» ብትላት፣ «ምንም፣ አንዲት የማውቃት ሰው ከፍቶባት ነው» ትላለች፣ ጠርሙሱን ወደ ግድግዳው እያዞረች።

ራሷ ሄዳ አትገዛም። አውቶቡስ ሉማሜ ቆሞ ተሳፋሪው ሻይ ሲጠጣ አንዱን መንገደኛ ጠራ ታደርግና ብር ትሰጠዋለች። «ከዚያች ከጥግ ከተቀመጠችው ሴትዮ አንድ ሃይላንድ ስልጆ አምጣልኝ፤ ለማን ነው ብትልህ ለሚስቴ በል።» መንገደኛው ሚስት የለኝም ካለም፣ «ዛሬ አገኘህ» ትለዋለች።

ያቺ ከጥግ የምትቀመጠው ሴት ያለምወርቅ ናት።

ነገሩ እንዲገባ ከስልጆው መነሳት ይሻላል። ሥራነሽ የተወለደችው ጉንደ ወይን አጠገብ ነው። ሉማሜ ተድራ መጣች፤ ባሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተባት፤ አንዲት ሴት ልጅ በእጇ ቀረች። ያችን ልጅ አብልቶ፣ አስተምሮ፣ ዳር ያደረሰው ስልጆ ነው። የሱፍ ፍሬ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ በውኃ በጥብጣ ታጠላለች። ወተት የመሰለውን ውኃ ጥዳ የባቄላ ዱቄት እየነሰነሰች ታማስላለች። ሲቀዘቅዝ ሰናፍጩን ከነጭ ሽንኩርትና ከጤና አዳም ጋር ደቁሳ ትለውስበታለች፤ ከዚያ እንስራው ተከድኖ እስኪጎመዝዝ አይነካም። የሰው ስልጆ በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ይሻግታል። የሥራነሽ ስልጆ ከዘወረደ ፋሲካ ይደርሳል። ምስጢሩ ሌላ ሳይሆን ሰናፍጭ አለመሰሰቷ ነው። ሰናፍጭ ውድ ነው፤ መውቀጡም ዓይን ያጠፋል፤ አብዛኛው ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይበቃል ይላል። እሷ በቃኝ አትልም።

አንድ ሌላ ነገር አላት። በጾም ሰዓት የሠራችውን አትቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምላሷ ላይ አንዲት ጠብታ አታርፍም። የሚለካው አፍንጫዋ ነው። ሰናፍጩ ሲገባ እንስራው ላይ ጎንበስ ትላለች፤ ከሰነፈጣትና እንባዋ ከመጣ በቅቷል፤ ካልመጣ ትጨምራለች። ያለምወርቅንም እንደዚሁ አስተማረቻት። አዎ፣ አስተምራታለች። ያለምወርቅ ገና ከገጠር የመጣች ጊዜ ሦስት ሁዳዴ እሷው ቤት ሰናፍጭ ስትወቅጥ፣ እሷው ቤት ስትበላ ነው ሙያውን የለመደችው። «ስልጆ በአፍንጫ ነው የሚለካ፤ አፍንጫሽን እመኝ፣ ምላስሽን ለፋሲካ አቆይው» ትላት ነበር።

ያለምወርቅ ሙያውን ይዛ ወጣችና የራሷን ንግድ ጀመረች። ይህ በራሱ አላስቀየመም፤ ሥራነሽ እንዲያውም አንድ እንስራ መርቃ ሰጥታታለች። ችግሩ የያለምወርቅ እጅ ለሰናፍጭ ይሰስታል። ስልጆዋ ገና ጾሙ ሳይጋመስ ይሻግታል። የገዛ ሰው ይመለሳል፤ «ምነው ያንቺ እንዲህ ሆነ? የእትዬ ሥራነሽ እስከ ስቅለት ንቅንቅ አይል!» ይላታል። አንድ ቀን፣ ዘመኑ ዘጠና ስድስት ነው፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ሳለ አንዷ ይህንኑ ደገመችባት። ያለምወርቅ አፈረች። ያፈረ ሰው ደግሞ አፉ የሚያመጣለትን ይናገራል።

«የሷማ በምን ይበላሻል?» አለች። «ሬሳ እንዳይፈርስ የሚወጉትን መድኃኒት በሰው እያስመጣች ትጨምርበታለች እኮ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ ገበያ ደረሰ። ከገበያ መናኸሪያ ወጣ። የአውቶቡስ ረዳቶች ካገኙት አለቀልሽ ማለት ነው። «የሥራነሽን ስልጆ የበላ ሲሞት አይፈርስም! ከሃምሳ ዓመት በኋላ መቃብሩ ሲከፈት ጻድቅ ነው ብለው ይሳለሙታል!» እያሉ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ሳቁበት። መንገደኛው እየሳቀ አልፏት ሄዶ ከሌላ ገዛ።

እሱንስ ቻለችው። ያልቻለችው የሰንበቴውን ነው። ሥራነሽ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማርያም ቅጥር ግቢ የሚሰበሰብ ሰንበቴ ውስጥ አለች። ተራ የደረሰው ያበላል፤ ቄስ ይባርካል፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይቆርሳል። በዚያው ሁዳዴ ተራዋ ደረሰ። ሌሊቱን ሙሉ የደከመችበትን ስልጆ ይዛ ቀረበች። የነፍስ አባቷ መምሬ አምደሚካኤል ባረኩ። እጃቸው ወደ ስልጆው ሄደ፤ ሄደ፤ ከዚያ ታጠፈና ዳቦውን ቆረሰ። እሳቸውን አይቶ ሁሉም ዳቦውን በደረቁ አላመጠ። ሃያ ሦስት ሰው ዳቦ በጠላ አወራርዶ፣ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ተነሣ። ሥራነሽ ስልጆውን እንደተከደነ ተሸክማ ቤቷ ገባች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለያለምወርቅ ሰላምታ አልሰጠችም። ከሰንበቴው ግን አልወጣችም። «ከወጣሁማ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው» አለች ለጤናዬ። «ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን እነሱ ደግሞ ያዩኛል።» መምሬ አምደሚካኤል በንስሐ ጊዜ፣ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ቢሏት፣ «አባቴ፣ እኔ ሳሌንም ይዤ እጸልያለሁ» ብላ መለሰችላቸው።

እንግዲህ ጠርሙሶቹ በዚህ ቂም ነው የተጠራቀሙት። በዘጠና ሰባት የያለምወርቅ ስልጆ በዐሥራ አራተኛው ቀን ሻገተ። በዘጠና ስምንት በዐሥራ ሁለተኛው። ሥራነሽ በልቧ፣ «እሰይ፣ ቀስ ብሎ ገበያው ይፈርድባታል» አለች። በዘጠና ዘጠኝ ግን ዐሥራ አራተኛው ቀን አለፈ፣ ዐሥራ ስድስተኛው አለፈ፣ ዐሥራ ስምንተኛው ቀን መጣና ስልጆው እንደ አዲስ ነው። ሥራነሽ አሸተተችው። ሰናፍጩ ያው ቀጭን ነው፤ አፍንጫ እንኳ አይነካም። ሳይሰነፍጥ የማይበላሽ ስልጆ ደግሞ በዕድሜዋ አላየችም። «ያዝኳት!» አለች፣ ብቻዋን ቆማ።

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከራይዋ አንሙት ከትምህርት ቤት ገባ። አንሙት ከደብረ ማርቆስ የመጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ሉማሜ ከገባ ገና ስድስት ወሩ ነው። ጠርሙሱን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«መምህር፣ ሰናፍጭ የሌለው ስልጆ ዐሥራ ስምንት ቀን ሳይሻግት የሚቆመው ምን ቢገባበት ነው?»

አንሙት ሳቀ። «የያለምወርቅ ነው አይደል? ከትናንት ወዲያ ጠርታ የከረጢት ጽሑፍ አስነብባኛለች። አዲስ አበባ ካለ የምታውቀው ነጋዴ ነጭ ዱቄት አስመጥታለች። ሶዲየም ቤንዞኤት ይባላል።»

«መርዝ ነው?»

«አይደለም።»

«ትንሽም?»

«ኧረ እትዬ ሥራነሽ! ለስላሳ መጠጥ ውስጥ አለ፣ የቲማቲም ድልህ ውስጥ አለ፤ አገር ይበላዋል።»

ሥራነሽ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር እጇ ላይ ሲቀልጥ ታያት። «ሬሳ የሚያደርቁበት አይደለም?» አለች፣ እየለመነች ማለት ይቻላል።

«እሱ ፎርማሊን ነው። እሱማ መርዝ ነው፣ ምግብ ውስጥ መግባት የለበትም። ይኼኛው ሌላ ነው። ሻጋታውንና እርሾውን እንዳይራባ ይለጉመዋል እንጂ ምግቡን አይለውጥም። ያውም የሚሠራው ጎምዛዛ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ወተት ውስጥ ቢጨምሩት ዋጋ የለውም። ስልጆ ስለሚጎመዝዝ ገጠመላት። ሰውነት ውስጥም አይከማች፤ ጉበት ፈትቶ በሽንት ያስወጣዋል። የእርስዎ ሰናፍጭ እኮ ሥራው ያው ነው። ያ የሚሰነፍጥዎ ነገር ራሱ ኬሚካል ነው።»

«እኔ ኬሚካል አልጨምርም!»

«እሺ፣ እግዜር የቀመመው ኬሚካል ልበለው።»

«እንደሱ በል።» ጠርሙሱን ከደነች። «ታዲያ ምንም ጉዳት የለውም ነው የምትለኝ?»

«ልኩ እስካላለፈ። ለአንድ ኪሎ ምግብ አንድ ግራም ነው፤ ለአምስት ሊትር ጀሪካን ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በሉት። ከዚያ በጣም ካለፈ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሆድ ይረብሻል። አንዳንድ ሰው ደግሞ አይስማማውም፤ ገላው ያብጣል፣ ያሳክከዋል። አስም ያለበትን ሊያስነሣበት ይችላል።»

«ልኩን ታውቃለች?»

«አታውቅም፤ እስካሁን በቁንጥር በቁንጥር ነው የምትጨምረው። የጠራችኝም ለዚህ ነው። ለደብረ ዘይት እሑድ የሰንበቴያችሁ ተራ ደርሷት አንድ ትልቅ ጋን ልትሠራ ነው፤ የተረፈውን ለገበያ ታቆየዋለች። ከረጢቱ ላይ ልኩ አልተጻፈም፤ መጽሐፍ አይቼ እጽፍልሻለሁ አልኳት። እኔ ደግሞ ነገ ለሥልጠና ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው።» ከደብተር ላይ ወረቀት ቀደደና ቆሞ ጻፈ፤ አጠፈና ዘረጋላት። «አደራ፣ ይስጡልኝ።»

ሁለቱ እንደማይነጋገሩ ያውቃል። የቂሙን ጥልቀት ግን ማን ነግሮት።

ሥራነሽ ወረቀቱን ተቀብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ይሸታል?»

«ምኑ?»

«ዱቄቱ።»

«ምንም አይሸትም።»

ያኔ ነው ሁሉም የገባት። ደብረ ዘይት እሑድ ነው። እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት የማርያም ሰንበቴ ሴት ውኃ እንኳ አትውጥም። ያለምወርቅ ጎምዝዞ ያደረውን ጋን የምታሰናዳው በዚያ ሰዓት ነው። አትቀምስም። ታሸታለች። አፍንጫሽን እመኝ ያለቻት ማን ሆነና! ዱቄቱ አይሸትም፤ አፍንጫዋ በቃ አይላትም፤ ትጨምራለች። ሥራነሽ ወረቀቱን በቀሚሷ ደረት ከተተችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጾም እንጀራ ጣማት።

ዘጠኝ ቀን ደረቷ ላይ ይዛው ዞረች። አልጣለችውም፣ አላቃጠለችውም። እሳት ስታነድድ፣ ገበያ ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እዚያው ነው። በየመሐሉ እጇን ሰድዳ ትዳብሰዋለች። እሑድ የምትናገረውንም አሰናዳች፤ መጀመሪያ ረዥም ነበር፣ እያሳጠረች እያሳጠረች አራት ዐረፍተ ነገር አደረሰችው። ጤናዬ አንድ ቀን በመስኮት ሰምታት፣ «ለማን ነው የምታወሪው?» ብትላት፣ «ለሃያ ሦስት ሰው» አለቻት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ያለምወርቅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ደጃፍ አልረገጠችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ሥራነሽ? መምህር አንሙት ተመለሰ ይሆን? የሚጽፍልኝ ነገር ነበር።»

«አልተመለሰም።» ይህ እውነት ነው፤ አንሙት አልተመለሰም።

«ምንስ... ለኔ ብሎ የተወው ነገር የለም?»

«የመምህር ጸሐፊ ሆንኩ እንዴ?»

ያለምወርቅ መሄድ ሲገባት አልሄደችም። መሬት መሬት አየች። «ትልቅ ጋን ሠርቼ አላውቅም። ብበድልዎትም ሙያውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት... ለአንድ ጋን ስንት እፍኝ ሰናፍጭ ነበር የሚያደርጉት?»

ሥራነሽ በሩን ይዛ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ለያለምወርቅ ደግ መሰላት፤ ቀና ብላ ጠበቀች።

«እኔ የሬሳ መድኃኒት እንጂ ሰናፍጭ መቼ አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት?» አለችና በሩን ዘጋችው።

ወረቀቱ ጡቷን ቆረቆራት። አንድ አፍታ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ በሩን ከፍታ ልትጠራት አሰበች። ከዚያ የመምሬ እጅ ትዝ አላት፤ ወደ ስልጆው ሄዶ ሄዶ የታጠፈው። እጇን ከመወርወሪያው ላይ አነሣች።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። ሰንበቴው ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ ከትናንት ጀምሮ አፉ ላይ ምንም አልዞረምና ጠኔው ጠንቷል። ያለምወርቅ በነጭ ልብሷ ላይ ታች ትላለች፤ ጋኑ ተከፈተ፤ ስልጆው በየሳህኑ ተቀዳ። ሲታይ የሚያምር ነው። መምሬ አምደሚካኤል ባርከው መጀመሪያ ቆረሱ። ትልቅ ጉርሻ ነበር። ዓይናቸው ትንሽ ጠበብ አለ፣ ዋጡ፣ ደገሙ። ካህን ሰንበቴ ላይ ማዕድ አይነቅፍም፤ ደግሞ አንዴ በአንዲት ሴት ማዕድ ላይ ያደረጉትን እሳቸውም ሳይረሱት አልቀሩም። ሠለሱ። ሌላውም ተከተለ።

ሥራነሽ ዳቦዋን ብቻ በደረቁ እያላመጠች ታያለች።

«እኔ የምለው» አለ የሰንበቴው ሙሴ ጋሽ አዳሙ፣ ማዕዱን የሚመራው ሰው፣ «ይኼ ስልጆ ብረት ብረት የሚለው እኔን ብቻ ነው?»

«እኔን ጣፍጦኝ መልሶ መረረኝ» አለች አንዷ።

«ጉሮሮዬን እንደ እሳት!»

«ሲጾም የሰነበተ አፍህ ቅምሻ ረስቶ ነው» አለ አንድ ቀልደኛ፣ ወዲያው ግን ራሱ ማሳል ጀመረ። ውኃ ውኃ ተባለ። ከዚያ መምሬ አንገታቸውን ማከክ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ በሁለት እጃቸው። ቀይ ቀይ እብጠት ከአንገታቸው ወደ ጉንጫቸው ወጣ፤ ከንፈራቸው አበጠ። መስቀላቸውን አስቀመጡ። ሴቶች ጮኹ።

ሥራነሽ ተነሣች።

«ሰንበቴዎች! በሬሳ መድኃኒት ጠርጥራችሁ ማዕዴን ሳትነኩ ሰድዳችሁኛል። ሦስት ዓመት ድምፄን አልሰማችሁም። ዛሬ በምግባችሁ ዱቄት የጨመረው ማን ነው? ጠይቋት።»

ሃያ ሦስት ፊት ወደ ያለምወርቅ ዞረ። ያለምወርቅ ጭልፋውን ወደ ጋኑ መለሰች።

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው!» አለች። «ሰው እንዲጎዳ አይደለም፣ ማርያምን! ማለዳ ነበር፣ መቅመስ አልችልም። ባሸተው ባሸተው አልሸት አለኝ። ያነሰ መስሎኝ ጨመርኩ።»

«ስንት?» አለች ሥራነሽ።

«ሁለት ስኒ... ኋላም ሁለት።»

«ስለኔ ወፍጮ ቤት ያወራሽውስ?»

«ዋሸሁ!» ያለምወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የኔ እየሻገተ የእርስዎ አልሻግት ሲል አፈርኩ፤ ዋሸሁ! አንድም ነገር ሲጨምሩ አላየሁም፣ ከሰናፍጭ በቀር!»

ሥራነሽ ዓይኗን ከደነች። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ማር ላሰችው።

በዚህ መሐል አንሙት ገባ። ትናንት የመጨረሻውን አውቶቡስ አጥቶ ጠዋት በጭነት መኪና መድረሱ ነው፤ ቦርሳውን እንኳ አላወረደም። መምሬን አየና ወደሳቸው ሮጠ። «ጤና ጣቢያ! አሁኑኑ!» አለ። ሁለት ጎረምሳ ደግፈው ይዘዋቸው ወጡ። ለቀረው ሰው፣ «አትደንግጡ፣ የሬሳ መድኃኒት አይደለም፤ ልኩ አልፎ ነው። አትብሉት፣ ውኃ ጠጡ፣ ያልፋል» አለ። ከዚያ ዓይኑ ሥራነሽ ላይ አረፈ።

«እትዬ ሥራነሽ፣ ወረቀቱን አልሰጧትም እንዴ?»

ሥራነሽ እጇን ደረቷ ውስጥ ሰድዳ ወረቀቱን አወጣች። ላብ ጠጥቶ ለስልሷል፤ እጥፋቱ ግን እንደታጠፈ ነው።

«አልሰጠኋትም።»

«እያወቅሽ?» አለ ጋሽ አዳሙ።

«እያወቅሁ።»

«መምሬ ቢሞቱስ?»

«መርዝ አይደለም ብሎኛል መምህር። ሁለቴ ጠይቄዋለሁ።»

አንሙት አንገቱን ደፋ። አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ጤናዬ ብቻ፣ «አንቺ ሴትዮ!» አለች በለሆሳስ፤ ተግሣጽ ይሁን አድናቆት አይለይም።

መምሬ አምደሚካኤል መርፌ ተወግተው ማታውኑ ቤታቸው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ያለምወርቅ ወሬውን ባወራችበት ሁሉ ቆማ ዋሸሁ እንድትል ፈረዱባት፤ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ መናኸሪያ። መናኸሪያው ላይ ረዳቶቹ አልተዋትም፤ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ደጀን ድረስ ይሰማ!» እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ሥራነሽ የሻይ ቤት ወንበር አስመጥታ፣ ተቀምጣ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰማች።

የሷ ፍርድ ከነፍስ አባቷ ነበር። ሄዳ ተንበረከከች።

«አውቄ ዝም በማለቴ አጥፍቻለሁ አባቴ። በርስዎ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«በሌላው ቢደርስስ ኖሮ?»

ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«አርባ አርባ ስግደት፣ እስከ ሆሣዕና። ሌላስ የምትናዘዥው አለ?»

«ሌላ የለም።»

መምሬ ጉንጫቸውን ዳሰሱ፤ እብጠቱ የነበረበትን። «ያን ዕለት ደስ አላለሽም?»

«እሱን አልናዘዝም አባቴ» አለች ሥራነሽ። «እሱ የኔ ነው።»

እሳቸውም አልገፉም። እስከ ሆሣዕና አርባ አርባዋን አንዲት ሳታጎድል ሰገደች።

ንግዱ ተመለሰላት። በኒቆዲሞስ ሳምንት ደጃፏ ላይ ሰልፍ ሆነ፤ ከሰንበቴው ያልመጣ የለም። ጋሽ አዳሙ ራሱ ማሰሮ ይዞ መጥቶ፣ ሳይገዛ በፊት እዚያው ቆሞ በእንጀራ ጠቅሶ በላላት፣ ሰው እንዲያየው። «ይሄ ነው ስልጆ!» አለ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ። ሥራነሽ ከሌላው ሰው ጭልፋውን ሞልታ ትቀዳለች፤ ለሱ ግን ከአፉ ጎደል አድርጋ ቀዳችለት። አየ፤ ማሰሮውን ከድኖ ሄደ።

ያለምወርቅን ግን የሚገዛት ጠፋ። ዱቄቱ ልኩን ጠብቆ ቢገባ ጉዳት እንደሌለው አንሙት ላገኘው ሁሉ ቢያስረዳም ማን ሰምቶት። እሱ ራሱ ሄዶ ከረጢቱን እንዲመዝንላት ቢለምናት፣ «ዓይኔ እያየ አልነካውም» ብላ ለአንድ የአዲስ አበባ መንገደኛ በነፃ ሰጠችው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ መልሰው መጡ። «ልጆች አሏት። በሉ አስታርቁን ብላለች፤ እንደ ጥንቱ ካንቺ ጋር ትሥራ» አሏት።

ሥራነሽ ብዙ አሰበች። «ትምጣ» አለች።

ያለምወርቅ በማግስቱ መጣች፤ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ሥራነሽ አነሣቻት፣ ሽማግሌዎቹ መረቁና ሄዱ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሥራነሽ ሙቀጫውን ወደ መሐል ጎተተች፤ ዘነዘናውን አቀበለቻት። አንድ ቁና ሰናፍጭ አቀረበችላት።

«ውቀጪ።»

ያለምወርቅ ወቀጠች። ሰናፍጩ ሲደቅ ሽታው ቤቱን ሞላ፤ ዓይኗ ቀላ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ተንጠባጠበ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀና አለች። «በቃ እትዬ?»

ሥራነሽ ትይዩ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። አላሸተተችም። ወደ ሙቀጫው ጎንበስ እንኳ አላለችም።

«ገና ነው» አለቻት።